አምስት ሃይላንድ ውሃ፦ ጣናን በሳይክል የዞርኩበት ማስታወሻ

ጥቅምት 26፣ 2011፤ ባሕር ዳር

ዛሬ ሳይክሌን በታተንኳት። በረንዳው ላይ ጋዜጣ ዘርግቼ ካቴናውን፣ ፔዳሎቹንና ሁለቱን ቸርኬዎች በተራ ደረደርኩ። ፍሬሙ አሮጌ ነው፤ ከሰው እጅ የገዛሁት። ብረቱ ግን ጤነኛ ነው፣ ስንጥቅ የለበትም። የኋላው ቸርኬ ትንሽ ይወላገዳል። ራጂዎቹን፣ የቸርኬውን ቀጫጭን ሽቦዎች፣ አንድ በአንድ እየነካካሁ ሳስተካክለው ከሰዓቱ ሙሉ አለቀ።

ያሰብኩት ይሄ ነው። ከባሕር ዳር ተነስቼ፣ ሐይቁን በቀኜ አድርጌ፣ ዞሬ ባሕር ዳር መግባት። በመራዊና በዱርቤቴ ወደ ቁንዝላ፣ ከዚያ ደልጊ፣ ጎርጎራ፣ አዘዞ፣ አዲስ ዘመን፣ ወረታ። ብቻዬን።

ባሕር ዳር ያደገ ልጅ ከሳይክል ጋር ነው የሚያድገው። ከተማው ሜዳ ነው። ተማሪውም ሠራተኛውም ገበያተኛውም ፔዳል ይመታል። እኔም ከአሥር ዓመቴ ጀምሮ አልወረድኩም። ግን ከጢስ ዓባይ አልፌ አላውቅም።

ጣናንም አውቀዋለሁ እል ነበር። በጀልባ ዘጌ ሄጃለሁ፣ ደቅ ደርሻለሁ፣ ማታ ማታ ዳር ዳሩን እሄዳለሁ። ሳስበው ግን የማውቀው አንድ ጥጉን ብቻ ነው። ሐይቁ ርዝመቱ 84 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። እንዲህ ተንጣሎ ጥልቀቱ ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር አካባቢ ነው። ከ40 በላይ ወንዝና ጅረት ይገቡበታል። አብዛኛውን ውሃ የሚያመጡት ግን አራቱ ናቸው፦ ግልገል ዓባይ፣ መገጭ፣ ርብና ጉማራ። የሚወጣው ወንዝ አንድ ብቻ ነው፣ ዓባይ።

ስለዚህ አምስት ባዶ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ አዘጋጅቻለሁ። በየወንዙ ቆሜ አንድ አንድ እቀዳለሁ። ቤት ስገባ መስኮቱ ላይ ደርድሬ እስኪጠሉ እጠብቃለሁ። ጣና ምን እንደሚጠጣ በዓይኔ ማየት ፈልጌያለሁ።

ኅዳር 6፤ ባሕር ዳር

አንድ ወዳጄ ብየዳ ቤት አለው። ከቱቦላሬ ፖርቶመጋላ፣ ከኋላ ዕቃ መጫኛ፣ ሠራልኝ። የሳይክሎቹ ፋብሪካ ፖርቶመጋላ ስስ ስለሆነ ጠጠር ላይ አይቆይም። ይሄኛው ከበድ ይላል፤ ግን ቆሜበት አላጎነበሰም።

ጭነቱ፦ ሁለት ካላማዳሪ፣ ማስቲሽና ልጣፊ፣ መንፊያ፣ አራት ትርፍ ራጂ፣ የራጂ ቁልፍ፣ ጋቢ፣ አጎበር፣ አንድ ቅያሪ ልብስ፣ ሁለት ኪሎ በሶ፣ ቆሎ። አጎበሩን እናቴ ናት ያስጨመረችኝ። የሐይቁ ዳር በዚህ ወር ወባ አለው። ልክ ነች። ሁሉም ተመዝኖ 17 ኪሎ መጣ።

እናቴ ሌላም ነገር ጠየቀችኝ። «ጓደኛ ምናለ ብትይዝ?» አለች። ጓደኛ ከያዝኩ ከጓደኛዬ ጋር ነው የማወራው። ብቻውን የሚሄድ ሰው መንገዱን ይጠይቃል፣ ሰው ያናግራል። ይህንኑ ነገርኳት። ዝም ብላ በሶውን ቋጠረች።

ኅዳር 8፣ ቅዳሜ፤ ከባሕር ዳር ዱርቤቴ፣ 68 ኪሎ ሜትር

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተነሳሁ። ብርድ ነበር። እስከ መሸንቲ ድረስ ጣቶቼ ፍሬኑ ላይ ደንዝዘው ነበር። ከዚያ ፀሐይ ወጣች።

አስፋልቱ ደህና ነው፣ ዳገቱም ቀስ እያለ ነው የሚወጣው። ጣና ከኋላዬ ቀረ። ሐይቅ ልዞር ወጥቼ መጀመሪያ የማደርገው ከሐይቁ መራቅ ነው። ምክንያቱም በደቡብ ምዕራብ ያለው ዳርቻ ረግረግና የግልገል ዓባይ አፍ ነው፤ በሳይክል አይታለፍም።

መራዊ ሻይ ጠጣሁ። የቆጋ መስኖ እዚህ ነው፤ 7,000 ሄክታር ገደማ ያጠጣል። ሰው ሁሉ በቅዳሜ ልብሱ፣ አህያው ሁሉ ጭነት በጭነት። ጥሩንባ ሳይሆን በአፌ «መንገድ! መንገድ!» እያልኩ ነው ያለፍኩት።

ወተት ዓባይ ድልድይ ላይ ቆምኩ። ሳይክሌን አስደግፌ ወደ ታች ወረድኩ። ግልገል ዓባይ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ረጋ ብሏል። ቀለሙ እንደ ቀጭን ሻይ ነው። ጎንበስ ብዬ ሃይላንዱን ስሞላ ከብት የሚያጠጡ አንድ ሰውዬ ከማዶ ያዩኛል።

«ለጠበል ነው?» አሉኝ።

«አይደለም አያ፣ ውሃውን ላየው ነው» አልኩ።

«ጠበሉስ ላይ ነው፤ ሰከላ፣ ግሽ ዓባይ። እዚያ ሂድና ቅዳ። ይሄ አፈር የነካው ነው» አሉ፣ እያዘኑልኝ።

ትክክል ናቸው። ይህ ወንዝ የሚነሳው ከግሽ ዓባይ ነው። ፔድሮ ፓኤዝ የሚባለው ኢየሱሳዊ ካህን ምንጩ ላይ የደረሰው በአውሮፓውያን 1618 ነው፤ ዘንድሮ 400 ዓመቱ። የሰከላ ሰው ግን ከሱ በፊት ስንት ዘመን ሲጠመቅበት ኖሯል። አፈር የነካውን ነው እኔ የምፈልገው። ክዳኑ ላይ በማርከር «1» ብዬ ጻፍኩ።

ዱርቤቴ 10 ሰዓት ገባሁ። አልጋ ያዝኩ። ጭኔ ይነዝረኛል፣ ሌላው ሰላም ነው። የኋላውን ጎማ ነካሁት፤ ጠንካራ ነው።

ኅዳር 9፣ እሑድ፤ ከዱርቤቴ ቁንዝላ፣ 74 ኪሎ ሜትር

ዛሬ አስፋልት ተሰናበትኩ። ጠጠሩ እንደ ቆርቆሮ ተሸብሽቧል። ፍጥነት ብትቀንስ ያንቀጠቅጥሃል፣ ብትጨምር ያንሸራትትሃል። መሃሉን ትቼ ጠርዙን፣ አፈር የተጠራቀመበትን ያዝኩ። እዚያ ይሻላል።

ሁለቱም ወገን እርሻ ነው። ዳጉሳው ቀልቷል። ኑጉ ቢጫ ነው፤ ጠዋት ፀሐይ ሲያርፍበት ዓይን ይወጋል። ንቦቹ ድምፃቸው መንገዱ ድረስ ይሰማል። ቤተ ክርስቲያን ተስሞ ሰው እየተመለሰ ነበር። ነጠላ ለብሰው በመንገዱ ዳር ተሰልፈው የሚሄዱ ሴቶች ቆመው አሳለፉኝ። «እግዜር ይርዳህ!» የማትል አንዲት አልነበረችም።

ከይስማላ አልፌ ወደ ልበን ስቃረብ ከኋላዬ «ቋ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ፖርቶመጋላው በቀኝ በኩል ከመገጣጠሚያው ተቆርጧል። ብየዳው አይደለም የለቀቀው፤ ብረቱ ራሱ ከብየዳው አጠገብ ተሰብሯል። ጭነቱ ጎማው ላይ ተኝቷል። ሽቦ ይዣለሁ፤ አሥር ዙር ጠመጠምኩት። ግማሽ ኪሎ ሜትር ሳልሄድ ተበጠሰ።

አንድ ገበሬ ከእርሻው ወጥቶ መጣ። ዕድሜው የእኔ እኩያ ነው። ምንም አልጠየቀኝም። የተሰበረውን በጣቱ ዳሰሰና «ቆይ» ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ። ይዞት የመጣው አሮጌ ምራን ነው፤ ሞፈርና ቀንበር የሚያያዝበት ጠፍር። ከጀሪካን ውሃ አፍስሶ ነከረው። እስኪለሰልስ ቁጭ ብለን ቆሎዬን በላን። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ማዳበሪያ ዋጋ አወራን።

ከዚያ ማሰር ጀመረ። አንዱን ጫፍ በጥርሱ ይዞ፣ ሌላውን በሁለት እጁ እየሳበ፣ ብረቱን ከፍሬሙ ጋር ስምንት ዙር አዞረው። ስምንተኛውን ከሥር አሳልፎ ወደ ላይ ጎተተው። ከቆዳው ውሃ እየተንጠባጠበ ወረደ። «አሁን የላላ ይመስልሃል። ፀሐይ ይምታው። ሲደርቅ ራሱ ይጨብጠዋል፤ ሞፈር የሚይዝ ጠፍር ለዚህ አያንስም» አለኝ።

እውነት ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ቆሜ ነካሁት፤ ድንጋይ ሆኗል። ገንዘብ ብሰጠው ተቆጣ። «ተው እንጂ! ነገ እኔ ባሕር ዳር ብመጣ ውሃ አትሰጠኝም?» አለ። ከያዝኩት በሶ ላይ ለልጆቹ አካፈልኩ። ያንን ተቀበለኝ።

ቁንዝላ የደረስኩት ሊመሽ ሲል ነው። ቁልቁለቱ ላይ ሐይቁ ድንገት ወጣ። ከትናንት ጠዋት ወዲህ አላየሁትም ነበር። ከባሕር ዳር በኩል ሳየው ፀሐይ ውሃው ውስጥ ነው የሚጠልቀው። እዚህ ፀሐይ ከጀርባዬ ናት፤ ሐይቁ ፊት ለፊት ሐምራዊ ሆኖ ይጨልማል። የማውቀውን ሰው በሌላ ጎኑ ያየሁት መሰለኝ።

ወደቡ ላይ መርከቧ ቆማለች። በሐይቁ ዳር ያሉትን ከተሞች እየነካች ጎርጎራ ድረስ የምትሄደው ነች። አንድ የወደብ ሠራተኛ ሳይክሉን አይቶ «ጫናት፣ ነገ ጎርጎራ ነህ» አለኝ። ከቁንዝላ ደልጊ ያለው መንገድ መንገድ እንዳልሆነም ነገረኝ። አመስግኜ እምቢ አልኩ። ዞሬዋለሁ ለማለት በእግሬ መዞር አለብኝ።

ባለፈው የሚወጣው አንድ ወንዝ ብቻ ነው ብዬ ጽፌያለሁ። ማስተካከል አለብኝ። በዚሁ በቁንዝላ አካባቢ ሰው የሠራው ሌላ መውጫ አለ። ከሐይቁ ውሃ ወስዶ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆን የከርሰ ምድር ዋሻ ወደ በለስ የሚያወርደው ነው። በ2002 የተመረቀው የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ 460 ሜጋዋት ነው። ቤቴ ማታ የማበራው አምፖል ከዚህ ውሃ ድርሻ አለው። ቁጭ ብዬ ይህን ስጽፍ ያለሁት ግን በኩራዝ ነው፤ መብራት ጠፍቷል።

ኅዳር 10፣ ሰኞ፤ ከቁንዝላ ወደ ደልጊ፣ 44 ኪሎ ሜትር

የወደቡ ሰው እውነቱን ነው።

ዛሬ የሄድኩት በመንገድ አይደለም። በከብት መንገድ፣ በእግር መንገድ፣ በደረቀ ጅረት ነው። መኪና የሄደበት ቦታ ቢኖር የክረምት ጭቃ ላይ ነው። ዋልካው ሲደርቅ የጎማው ጎድጎድ እንደ ሲሚንቶ ደርቋል። ፊት ጎማዬ እዚያ ውስጥ ሲገባ አይወጣም። ሁለት ጊዜ ወደቅኩ። ክርኔ ተላጠ፣ ፔዳሉ ትንሽ ተጣመመ።

ረፋድ ላይ ጎማዬ ተነፈሰ። ፈትቼ ስዳስሰው ኩርንችት ነው። መሬት ላይ ተኝታ የምትጠብቅ ትንሽ ባለ ሦስት ጫፍ እሾህ ነች። እንዴትም ብትወድቅ አንዱ ጫፍ ወደ ላይ ነው። ለጠፍኩ፣ ነፋሁ፣ ሄድኩ። ከ20 ደቂቃ በኋላ ፊተኛው። ከሰዓት ደግሞ ኋላው እንደገና፣ በሁለት ቦታ። ያንን ካላማዳሪ ትቼ አዲሱን አስገባሁ። ከተማ ውስጥ ቢሆን ጎሚስታ ፊት አስቀምጬ ሻይ እጠጣ ነበር። እዚህ ውሃ የለም፤ ቀዳዳውን የማገኘው ካላማዳሪውን ከንፈሬ አጠገብ እያዞርኩ ትንፋሹን በመጠበቅ ነው። እርጥብ ከንፈር ላይ ትንሿ ትንፋሽ እንኳ ትታወቃለች።

ለማንም ይህን መንገድ ለሚያስብ ልንገረው። ጎማ ከማስገባትህ በፊት ኮፐርቶኑን ከውስጥ በኩል በመዳፍህ ቀስ ብለህ ዳስስ። የእሾህ ስባሪ ቀርቶበት ከሆነ አዲሱንም ይበላዋል። እኔ በመጀመሪያው ጊዜ ይህን ስላላደረግኩ ነው ሦስተኛው የመጣው።

ሐይቁ ይጠፋል፣ ይመጣል። አንድ ቦታ ላይ ደንገል በደንገል የሆነ ዳርቻ ወጣሁ። ሁለት ልጆች በታንኳ ከደንገሉ መሃል ብቅ አሉ። ታንኳው ራሱ ከዚያው ከደንገል የታሰረ ነው። ውሃ ላይ ተኝቶ እንጂ ተንሳፎ አይመስልም። ልጆቹ አዩኝ፣ እኔም አየኋቸው። ከዚያ አንዱ እጁን አንስቶ ወደ ሰሜን አመለከተኝ፤ መንገዱ በዚያ ነው ማለቱ ነው። ጠፍቼ እንደነበር ያወቅኩት ያኔ ነው።

11 ሰዓት ተኩል ሲሆን ደልጊ እንደማልደርስ ገባኝ። ጉልበቴም አልቋል፣ ብርሃኑም አልቋል። ጭስ ወዳየሁበት መንደር ገፋሁ። ውሾች ወጡ። ሳይክሉን በእነሱና በእኔ መካከል አድርጌ ቆምኩ።

«ቤቶች! መሽቶብኛል፣ አሳድሩኝ!»

አንዲት እናት ወጡ። ከላይ እስከ ታች አዩኝ። አቧራ ነኝ፣ ክርኔ ደርቆ ደም ይዟል። ውሾቹን ገሰጹና «ግባ ልጄ፣ ቤት የእንግዳ ነው» አሉ። ባለቤታቸው ከብት አስገብተው መጡ። ከየት ነህ፣ ወዴት ነህ፣ የማን ልጅ ነህ፤ ይሄው ብቻ ነው። መታወቂያ አልጠየቁኝም።

ቁጭ እንዳልኩ ሴት ልጃቸው ሙቅ ውሃ በሳፋ ይዛ መጣች። ልታጥብልኝ ነው፣ እግሬን። እኔ ራሴ እታጠባለሁ አልኩ። እናትየው በዓይናቸው ዝም አሰኙኝ። ልጅቷ ተንበርክካ ተረከዜን በአንድ እጇ ይዛ፣ በሌላው ውሃ እያፈሰሰች፣ በጣቶቼ መሃል ያለውን ዋልካ በአውራ ጣቷ ፈልቅቃ አወጣች። ውሃው ጠቆረ። አስለወጡና ደገሙት። ቁርጭምጭሚቴ ላይ የነበረውን እብጠት አሸችው። ስትጨርስ እግሬን ሳመች። ይህን ልማድ ስሰማው ነው ያደግኩት። ሲደረግልኝ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ምን እንደምል ጠፋኝ፤ «እደጊልኝ» አልኳት።

ለእራት የዳጉሳና የጤፍ ቅልቅል እንጀራ በሽሮ። መደብ ላይ ጋቢዬን ለብሼ ተኛሁ። አጎበሩን ከአጥሩ ብሳና በቆረጡልኝ እንጨት ሰቅለን።

ኅዳር 11፣ ማክሰኞ፤ በደልጊ ጎርጎራ፣ 59 ኪሎ ሜትር

ጠዋት አባትየው አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ሸኙኝ። መገንጠያው ላይ ቆመው ሳይክሉን በእጃቸው ባረኩት።

ደልጊ ደርሼ ቆሮሶ በላሁ። ጥብስ፣ ሙሉውን፣ በሚጥሚጣ። ከሐይቅ ወጥቶ ሦስት ሰዓት ያልሞላው ዓሣ ነው። ከደልጊ ወደ ጯሂት ስሄድ አንድ ራጂ ተሰበረ፣ በማርሹ በኩል። ማርሹን መፍቻ አልያዝኩም። አጎራባቾቹን ትንሽ አላልቼ ቸርኬው እንዳይነካ አድርጌ ቀጠልኩ። ሁለተኛ ከተሰበረ ያስቸግረኛል።

ጯሂት ላይ ወደ ደቡብ፣ ወደ ውሃው ታጠፍኩ። ጎርጎራ 11 ሰዓት። ፔድሮ ፓኤዝ በአውሮፓውያን 1622 የሞተው እዚህ ነው። ደብረ ሲና ማርያም ሣር ክዳኗ ዛፍ መሃል ተቀምጣለች። ቅጥሯ ውስጥ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ጫማዬን ሳወልቅ የትናንትናዋን ልጅ አሰብኩ።

ከዚህ ባሕር ዳር አይታይም። ወደ ደቡብ ውሃ ብቻ ነው፣ ከዚያ ሰማይ። አባቶቻችን ባሕር ያሉት ወደው አይደለም።

ኅዳር 12፣ ረቡዕ፤ ከጎርጎራ አዘዞ፣ 63 ኪሎ ሜትር

የኅዳር ሚካኤል ነው። ከመነሳቴ በፊት አንድ ወጣት ዓሣ አስጋሪ የሐይቁን አረም፣ እምቦጩን፣ ሊያሳየኝ በስተምሥራቅ ባለው ዳርቻ ወሰደኝ። በእግር 40 ደቂቃ ሄድን።

ከሩቅ መስክ ነው የሚመስለው። ከብት ብታሰማራበት የምትል አረንጓዴ። ቀርበን አንዱን ነቀልኩ። ግንዱ ላይ እንደ ሎሚ ያበጠ ነገር አለው። በጥፍሬ ሰነጠቅኩት፤ ውስጡ እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ በቀዳዳ፣ ደረቅ፣ አየር ነው። የሚያንሳፍፈው ይሄ ነው። አበባው ቀላ ያለ ሐምራዊ፣ የላይኛው ቅጠሉ ላይ ቢጫ ነጥብ አለ። ቆንጆ ነው። ከሥር ደግሞ ጥቁር ፀጉር የመሰለ ሥር፣ ክንድ የሚሞላ። አንዱ ተክል ብቻ ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል። ከጎኑ ቀጭን ገመድ ወጥቶ ሌላ ልጅ አብቅሏል፤ ያም ሌላ። አንዱን ስትስብ ሰባት ይከተላል።

ጣና ላይ መኖሩ የታወቀው በ2004 ነው፣ በዚሁ በደምቢያ በኩል፣ በመገጭ አፍ አካባቢ። ገበሬው በእጁ ሲነቅል ኖሯል፣ እስከ ደረቱ ውሃ ገብቶ። ዘሩ ግን ጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመት ሳይበላሽ ይቆያል። «እኛ ነቅለን ስንወጣ ከኋላችን ይበቅላል» አለኝ ልጁ። መረቡን የሚጥልበት ቦታ ከሦስት ዓመት በፊት እዚህ ነበር። አሁን አንድ ሰዓት ቀዝፎ ነው የሚደርሰው። ይህን ሲናገር ድምፁን ከፍ አላደረገም። እኔ ነኝ የተናደድኩት። ባሕር ዳር ቁጭ ብለን በቲሸርት ላይ ያተምነው ጣና እዚህ የሰው እንጀራ ነው።

ከጯሂት ቆላድባ ጠጠር ነው፣ ሜዳ ነው። የደምቢያ ዋልካ ላይ ሽምብራው በቅሏል። ንፋሱ ከፊት ስለነበር ሜዳነቱ አልጠቀመኝም። ቆላድባ ሽሮ በልቼ ዳገቱን ገባሁ። መጨረሻውን አሥር ኪሎ ሜትር ጨለማ እንዳይዘኝ እየሮጥኩ ነው የገባሁት።

አዘዞ ስደርስ ከተማው በጭስ ተሸፍኗል። በየአጥሩ ሥር ቆሻሻ ተጠርጎ ይቃጠላል። ኅዳር እየታጠነ ነው። የኅዳር በሽታ ያ ሁሉ ሰው የፈጀው በ1911 ነው፤ ዘንድሮ ልክ 100 ዓመቱ። ዓይኔ እያለቀሰ በጭሱ መሃል ሳይክሌን እየገፋሁ ሄድኩ። ሕፃናት እሳት ዙሪያ ይዘላሉ። እንዲህ ያለ ነገር 100 ዓመት ሙሉ ማንም ሳያዝዘው እንዴት እንደሚቀጥል አስደነቀኝ።

ኅዳር 13፣ ሐሙስ፤ ከአዘዞ አዲስ ዘመን፣ 84 ኪሎ ሜትር

ጠዋት ሳይክል ጠጋኝ ዘንድ ሄጄ ራጂውን ቀየርኩ። መፍቻው ነበረው። ምራኑን አይቶ «ይሄንን አትንካው» አለኝ። ብየዳ ቤት ልወስደው አስቤ ነበር፤ ተውኩት።

እንደወጣሁ መገጭ ድልድይ። ሃይላንድ ቁጥር 2። ውሃው ትንሽ ነው፣ ልብስ አጣቢዎች ሞልተውታል፣ ሳሙና ሸተተኝ።

አስፋልት ነው፣ ስለዚህ ብዙ የምጽፈው የለም። ሚኒባሶቹ በጣም ይሮጣሉ፤ ሁለት ጊዜ ከመንገድ ወጥቼ አሳልፌያለሁ። በዚህ መንገድ የሚሄድ ቀይ ጨርቅ ከኋላው ይሰር። ማክሰኚት፣ እንፍራዝ። የሠርፀ ድንግል ጉዛራ ግንብ ከኮረብታው ላይ ይታያል። ከዚያ ዳገት፣ ረጅም ዳገት። እንደ ጣት ቀጥ ብሎ የቆመው አለት ጋ ስደርስ ወርጄ ገፋሁ። ጫፉ ላይ ዞር ስል ጣና ከታች ብር ሆኖ ተዘርግቷል።

አዲስ ዘመን 12 ሰዓት። ተኛሁ።

ኅዳር 14፣ ዓርብ፤ ከአዲስ ዘመን ባሕር ዳር፣ 82 ኪሎ ሜትር

ርብ ድልድይ፣ ቁጥር 3። ከግራ ከቀኝ የውሃ መሳቢያ ሞተር ይጮኻል፤ ሽንኩርት ሊያጠጡ ነው። የርብ ውሃ እስካሁን ካየሁት ሁሉ የደፈረሰ ነው። ሃይላንዱ ውስጥ ጣቴን ከማዶ በደንብ አላየሁትም።

ፎገራ ሜዳ ላይ የሩዝ አጨዳ ነው። ክረምት ውሃ የሚተኛበት መሬት ነው፤ ሩዝ የተስማማው ለዚሁ ነው። ወርቅ የመሰለው ነዶ በየማሳው ተከምሯል። አንድ አጫጅ ዘንግ አንስቶ አሳየኝ፤ «ኤክስ ጅግና ነው» አለ፣ የሩዙን ዝርያ የልጁን ስም እንደሚጠራ ያህል። አንዱን ፍሬ በጥርሴ ሰበርኩት፤ ውስጡ ነጭ፣ ገና ርጥበት አለው። ወረታ ምሳ የበላሁት እንጀራም ሩዝ የተቀላቀለበት ነው።

ጉማራ፣ ቁጥር 4። ሐሙሲት ስደርስ የትናንቱ ገበያ ገለባና የሸንኮራ ልጣጭ መንገዱን ሞልቶታል። ዘንዘልማን አልፌ ቁልቁል ስወርድ ከተማው ታየኝ። ዘንባባዎቹ፣ ከዚያ የዓባይ ድልድይ። ድልድዩ ላይ አልቆምኩም። ወደ ጨረጨራ ሄድኩ፣ ዓባይ ከሐይቁ ወደሚወጣበት። በ1980ዎቹ መጨረሻ የተሠራው የውሃ መቆጣጠሪያ እዚያ ነው። ቁጥር 5ን ሞላሁ።

ቆጣሪው 474 ኪሎ ሜትር ይላል። እናቴ በር ላይ ነበረች። መጀመሪያ ያየችው ክርኔን ነው።

ኅዳር 17፣ ሰኞ፤ ቤት

ሦስት ቀን ሳልነካቸው መስኮቱ ላይ ቆይተዋል። ዛሬ ጠዋት ብርሃን ከኋላቸው ሲገባ አየኋቸው።

መገጭ ከሥሩ ግራጫ ነው፣ እንደ ወረቀት ስስ። ግልገል ዓባይ ቀላ ያለ፣ ከሱ ትንሽ ይበልጣል። ጉማራ የጥፍር ውፍረት። ርብ ከሁሉም ይወፍራል። ዘንበል ሳደርገው ደለሉ እንደ ቡና አተላ ተንሸራቶ መልሶ ተቀመጠ። ይህ እንግዲህ የኅዳር ውሃ ነው፣ ወንዞቹ የተረጋጉበት ወር። አምስተኛው፣ ዓባይ፣ ከሥሩ ምንም የለውም። ትንሽ አረንጓዴ ነገር ይታየዋል፣ በተረፈ ጥርት ያለ ነው።

አራቱ የሚያመጡት አፈር የት እንደሚቀር እንግዲህ ግልጽ ነው። 14 ሜትር እዚህ ግባ የማይባል ጥልቀት ነው ብዬ ነበር።

ፖርቶመጋላውን ዛሬ ወደ ብየዳ ቤቱ ወሰድኩት። ወዳጄ ምራኑን ሊቆርጥ ቢላዋ ሲያነሳ ከለከልኩት። በግራ በኩል ሌላ ድጋፍ ብየድልኝ፣ የቀኙን ተወው አልኩት። ቤት ስመለስ አምስት አዲስ ሃይላንድ አጥቤ ገለበጥኩ። ክዳናቸው ላይ «ሐምሌ» ብዬ ጽፌያለሁ።